የነተበው ሸሚዝ ለአልጋ ልብሱ፣ ደህናው ካፖርት ለነዳያን

ጥያቄ፦ አባቴ ካረፉ ስምንት ወር ሆናቸው። መምህር ነበሩ። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ስድስት ሸሚዝ፣ ሁለት የጥጥ ሱሪ፣ አንድ ሙሉ ሱፍ፣ ካፖርት፣ ሁለት ሹራብ፣ ሦስት ቲሸርት፣ ነጠላና ጋቢ አለ። ከልብሶቹ የማስታወሻ አልጋ ልብስ ሰፍቼ ለሙት ዓመታቸው ላደርስ አስቤ ነበር። እናቴ ግን «ልብስ ለነዳያን ነው የሚሰጠው፤ ደግሞ ድሪቶ ሠርተሽ ሰው እንዳታስቂብን» ትላለች። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ «ለእኔም ይሠራልኝ» ብላለች። እኔ ከቁልፍ መትከል በቀር ስፌት አላውቅም። ጎረቤታችን በእግር የሚረገጥ ሲንጀር አላቸው። ለሙከራ የአንዱን ሹራብ እጅጌ ብቆርጠው ይተረተር ጀመርና ደንግጬ አቆምኩ። ምን ላድርግ? (ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ እግዜር ያጥናችሁ።

ለጊዜው መቀሱን አስቀምጪው። እጅጌው ግን አልጠፋም። ሸሚዝ በድርና ማግ የተሸመነ ነው። ሹራብ ደግሞ አንዱ ክር ሌላውን እየቆለፈ የተሠራ ስለሆነ አንድ ቀለበት ከተበጠሰ ቀጣዩን ይለቀዋል። ከተተረተረው ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብለሽ በእጅ መርፌ ጥቅጥቅ አድርገሽ ሁለት ዙር ስፊው፤ እዚያው ይቆማል። ያ ሹራብ ከእንግዲህ ለሰው አይሰጥምና ለአልጋ ልብሱ ይሁን። እንዴት እንደሚገባ ወደ ታች እንመጣበታለን።

የእናትሽ ሐሳብ ከሥራሽ ጋር አይጋጭም፤ እንዲያውም ምርጫውን ያቀልልሻል። ካፖርቱ፣ ሙሉ ሱፉና ያልተቆረጠው ሹራብ ለዚህ ሥራ አይመቹም። የበግ ፀጉር በሙቅ ውሃ ሲታሽ ይኮማተራል፣ የሸሚዝ ጨርቅ ግን ባለበት ይቀራል። አንድ ላይ ሰፍተሻቸው የታጠቡ ቀን ሱፉ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይሰበስበዋል። በደሴ ብርድ ካፖርት ለሌለው ሰው ግን ካፖርቱ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ኮሌታው የነተበ፣ ክርኑ የሳሳ ሸሚዝ ለነዳይ ሲሰጡት ያሳፍራል፤ ጀርባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነውና ለአንቺ ይበቃል። ልብሱን በሙሉ አልጋ ላይ ዘርጉትና ከእናትሽ ጋር ሁለት ቦታ ለዩት። እህት ወንድሞችሽም «ይህ ሸሚዝ እንዳይቆረጥብኝ» የሚሉት ካለ አሁኑኑ ይናገሩ። በዚህ ሥራ የሚያጣላው ስፌቱ ሳይሆን ሳይነገር የተቆረጠ ልብስ ነው።

ጋቢውን አትቁረጪው። ባለ አራት ድርብና ልል ሆኖ የተሸመነ ስለሆነ ከተቆረጠ ጫፉ መያዣ የለውም፤ እናትሽ ቢደርቡት ይሻላል። ከሸሚዞቹም አንዱን፣ ሽታቸው ያለበትን፣ ሳታጥቢ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጪ። የሚሰፋው ልብስ የግድ መታጠብ አለበት፣ ከታጠበ ደግሞ ሽታው አይመለስም። ይህን ያላሰቡ ሰዎች በኋላ በጣም ይቆጫቸዋል። ስለዚህ ለሥራው አምስት ሸሚዝ ይቀርሻል ብለን እንሂድ።

ለምን የግድ ይታጠባል? አንደኛ፣ የላብና የሰውነት ቅባት ያለበት ጨርቅ እያደር ይወይባል፣ ብልም ይስባል። ሁለተኛ፣ መኮማተር ያለበት ከመቆረጡ በፊት ይኮማተር። ከማጠብሽ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ በእያንዳንዱ ልብስ ስፌት ላይ ከውስጥ በኩል አሸት አድርጊ። ቀለም ከያዘ ያ ልብስ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ደጋግሞ ይታጠባል። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለም ያስራል የሚባለው በፋብሪካ ቀለም ላይ አይሠራም። ከሦስት እጥበት በኋላም የሚለቅ ከሆነ ተዪው፤ ነጩን ሸሚዝ ያበላሽብሻል። የመምህር ሸሚዝ ኪስ ከታች በኩል ቀይ እስክሪብቶ ያፈሰሰበት ነጠብጣብ ሊኖረው ይችላል። እሱን በበረኪና ልታስለቅቂ አትታገዪ። በረኪና ጨርቁን ያደክመዋል፣ ነጠብጣቡም ቢቆይ ምንም አይደል። በእርጥብ ጨርቅ ሲነካ እንደማይለቅ ብቻ አረጋግጪ።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ካላወቅሽ ከውስጥ ስፌት ላይ ትንሽ ክር ቁረጪና በወረንጦ ይዘሽ ሳህን ላይ አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። የበግ ፀጉር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ይህ የሚጠቅምሽ ለካውያው ነው፦ ጥጡን የሚያስተካክለው ሙቀት ፖሊስተሩን ያቀልጠዋል። የከሰል ካውያ ሙቀቱ ስለማይታወቅ ምንጊዜም በመካከል ነጭ ጨርቅ አድርጊ።

አሁን ልኩ። አልጋ ልብሱ ሦስት ንብርብር ነው፦ ከላይ ከልብሶቹ ተቆርጠው የተገጣጠሙ ካሬዎች፣ መሐል ላይ ስስ ብርድ ልብስ ወይም አንሶላ፣ ከሥር ገበር። አንድ ካሬ ሲቆረጥ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ስፌት ውስጥ ስለሚገባ ተሰፍቶ 23 ይሆናል። ከአንድ የወንድ ሸሚዝ ጀርባ አራት፣ ከፊቱ ሁለት፣ ከእጅጌዎቹ ሁለት ይወጣል ይባላል፤ የሳሳውንና የተቀደደውን ስታወጪ ግን በአማካይ አምስት ቁጠሪ። አምስቱ ሸሚዝ 25 ካሬ ይሰጥሻል፣ ሁለቱ ሱሪ 8፣ ሦስቱ ቲሸርት ከፊትና ከኋላ 6፣ ከሹራቡ አንድ ይጨመራል፤ ድምሩ 40 ነው። ይህ ማለት አራት ወደ ጎን አምስት ወደ ታች የሆነ ባለ 20 ካሬ ሁለት ይወጣል፣ ለአንቺም ለእህትሽም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቁረጪ። አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሁለተኛው ከሄድሽ ኪስ ያለው ሁሉ በመጀመሪያው አልቆ ለኮምቦልቻዋ እጅጌ ብቻ ይደርሳታል።

የካሬውን ልክ ከጠንካራ ካርቶን ቁረጪ፤ ማዕዘኑ ሲደክም ቀይሪው፣ ምክንያቱም የተበላ ማዕዘን እያንዳንዱን ካሬ ትንሽ ትንሽ ያሳንሰዋል። ሸሚዙን መጀመሪያ በስፌቱ ፍቺው። ካርቶኑን የምታስቀምጪው በሸሚዙ ጠርዝ ሳይሆን በክሩ አቅጣጫ ነው፤ እጅጌ በተለይ ያታልላል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስትስቢው ይለጠጣል፣ ሲሰፋም ይወላገዳል። በሳሙና ስባሪ ወይም በጠመኔ አስምረሽ ቁረጪ። ኪስ ያለበትን ስትቆርጪ ኪሱ ካሬው መሐል ይዋልና ከየጠርዙ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። የፊቱን ቁልፍ ማቆየት ከፈለግሽ ሸሚዙን ቆልፈሽ መደራረቢያውን በእጅ ስፊውና ከዚያ ቁረጪ። ለጠርዝ የቀረበ ቁልፍ ካለ ንቀዪውና መጨረሻ ላይ ትመልሺዋለሽ። የማሽኑ መርፌ ቁልፍ ላይ ካረፈ ይሰበራል፣ ስባሪው ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቲሸርቱና ሹራቡ እንደ ሸሚዝ አይቆረጡም። ልብስ ሰፊዎች ለኮሌታ የሚያደርጉት፣ በካውያ የሚለጠፍ ማጠንከሪያ አለ፤ ፒያሳ ካሉት የጨርቅና የክር ሱቆች ስሱን ጠይቂ። ቲሸርቱን 30 በ30 አድርገሽ በግምት ቁረጪ፣ ማጠንከሪያውን ከኋላው ለጥፊ፣ ከዚያ ወደ 25 አስተካክዪ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥሽው ጨርቁ በካውያው ሥር ተለጥጦ ካሬው ካሬ አይሆንም። ካውያውን እየገፋሽ አትሂጂ፤ አንድ ቦታ ተጭነሽ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ቆይተሽ አንሺና ወደ ቀጣዩ አሳልፊ። ሳይቀዘቅዝ አትንኪው። ማጠንከሪያው ካልተገኘ የታጠበ አቡጀዲ ከኋላ አድርገሽ ዙሪያውንና መስቀልኛ በእጅ ሰፍተሽ ብትቆርጪ ያው ነው፣ ጊዜ ብቻ ይፈጃል። ሹራቡንም እንዲሁ፦ መጀመሪያ አቡጀዲ፣ ከዚያ ከመቁረጫው መስመር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ሁለት ዙር ስፌት፣ መቀስ በመጨረሻ። በእጅ የተሠራ ወፍራም ሹራብ ከሆነ ግን ወደ አልጋ ልብሱ አታስገቢው። መጋጠሚያው ለሲንጀሩ ይወፍርበታል፤ ትንሽ ትራስ አድርጊው፣ የጎደለውን ካሬ ከሱሪው አውጪ።

ከነጠላው የሚፈለገው ጥለቱ ነው። ጥለቱን ከነ5 ሴንቲ ሜትር ነጭ ጨርቁ ቁረጪና በሁለት ነጭ ካሬዎች ላይ ደርበሽ ስፊው። ለብቻው ካሬ አታድርጊው፤ ነጠላ እንደ መርበብ የሳሳ ስለሆነ ስፌት አይይዝም።

ድሪቶ እንዳይመስል የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ዙሪያውን የሚይዝ ባለ አንድ ቀለም ክፈፍ፣ እና የካሬዎቹ አቀማመጥ። አርባውንም ወለል ላይ አሰልፊና ጨለማው ከብርሃኑ አጠገብ፣ ባለ መስመሩ ከሜዳው አጠገብ እስኪሆን አለዋውጪ። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሺ። ፎቶው ላይ አንድ ጎን ጠቁሮ ከታየሽ በዓይን ያልታየሽ ችግር ነው። ስትጨርሺ እያንዳንዱ ካሬ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በስፒል ያዢ፤ ልጅ ወይም ንፋስ አንድ ጊዜ ካተራመሰው ማስታወስ ከባድ ነው።

የምትገዥው ብዙ አይደለም። ለሁለቱም ክፈፍና ጠርዝ 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ሰማያዊ ወይም ግራጫ ፖፕሊን 1.5 ሜትር ይበቃል። ለገበር በዚያው ስፋት 3.2 ሜትር ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ አሮጌ የኮምቦልቻ ፋብሪካ የጥጥ አንሶላ ካለ ግን ከአዲሱ ይሻላል፤ መኮማተሩን ጨርሷል። ክርሽ የፖሊስተር ይሁን፣ መርፌሽ ለሸሚዝ ቁጥር 14፣ ሱሪ የሚገባበት ላይ ቁጥር 16።

መሐል የሚገባው ነገር ለሁለታችሁ አንድ አይሁን። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ለአንቺው ስስ ብርድ ልብስ አስገቢ። ኮምቦልቻ ከዚያ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ለእህትሽ ሌላ አንሶላ ወይም አቡጀዲ ይበቃታል፣ አለዚያ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ባዘቶ ጥሩ መስሎሽ እንዳትሞዪው። ልቅ ጥጥ በጣም ተቀራርቦ ካልተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት አንድ ጥግ ሄዶ ይጎዘጎዛል።

ሲንጀሩን ያለ ክር፣ አቡጀዲ ላይ ሁለት ቀን ተለማመጂበት። መሽከርከሪያው ሁልጊዜ ወደ አንቺ ይዙር፤ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይተበተባል ወይም ይበጠሳል። የስፌቱ ርዝመት በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 8 ያህል እንዲሆን አስተካክዪ። ከመርፌው በስተቀኝ ልክ 1 ሴንቲ ሜትር ለክተሽ የማሽኑ ብረት ላይ ፕላስተር ለጥፊ፣ የጨርቁ ጠርዝ እሱን እየተከተለ ይሂድ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን 1.2 ብትሰፊ እያንዳንዱ መጋጠሚያ 4 ሚሊ ሜትር ይበላል፣ አራት ካሬ ያለው ረድፍ ሦስት መጋጠሚያ ስላለው 12 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ከዚያ ማዕዘኖቹ አይገናኙም፣ አንዱን ስበሽ ልታገናኚ ስትሞክሪ ይሸበሸባል። አንድ ረድፍ ስትጨርሺ ለኪው፣ 94 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከጎደለ ፍቺው። መፍታት ያበሳጫል፣ ግን በዚህ ደረጃ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

አራት አራቱን ገጥመሽ አምስት ረድፍ አድርጊ። ስፌቱን በካውያ ስትደፊ የመጀመሪያው ረድፍ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ እየተለዋወጠ ይደፋ፤ ረድፎቹ ሲገጠሙ ጉብታዎቹ እርስ በርስ ይያያዙና ማዕዘኑ አይሸሽም። ሱሪ ያለበት ቦታ ላይ ግን ግራና ቀኝ ክፈቺው፣ አለዚያ ይወፍራል። ከዚያ ክፈፉ፦ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ 117 ርዝመት ሁለት ለጎኖቹ፣ 110 ርዝመት ሁለት ለላይና ለታች። የክፈፉን ርዝመት ለክተሽ ቁረጪ፤ ረጅም ጨርቅ እየሰፉ ሄዶ ትርፉን መጨረሻ ላይ መቁረጥ ጠርዙን እንደ ማዕበል ያስነሣዋል። ሲያልቅ 110 በ133 ይመጣል፤ ጉልበት ላይ የሚደረብ ወይም አልጋ ላይ የሚጣል እንጂ ሙሉ አልጋ የሚሸፍን አይደለም።

ገበሩን ከላይኛው በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር አስበልጪና 126 በ149 አድርገሽ ቁረጪ። የአባትሽን ስምና ዓመተ ምሕረቱን መጥለፍ ከፈለግሽ አሁን፣ ሳይደረብ፣ ገበሩ ጥግ ላይ ጥለፊ። ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አድርገሽ ንጹሕ ወለል ላይ ዘርጊ፣ ወጠር አድርገሽ ጠርዙን በፕላስተር ያዢ። በላዩ ብርድ ልብሱን፣ በላዩ ካሬዎቹን። ከመሐል ወደ ጠርዝ እየሄድሽ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ መርፌ ቁልፍ አድርጊ፣ 60 ያህል ይፈጃል። ከጠርዝ ከጀመርሽ ትርፉ ጨርቅ መሐል ላይ ይታሰራል።

ሦስቱን ንብርብር በሲንጀሩ እሰፋለሁ አትበዪ። ጥቅሉ በማሽኑ ክንድ ሥር አያልፍልሽም፣ ጀማሪም ቀጥ አድርጎ አይወጣውም። እሰሪው። የጥልፍ ክር በትልቅ መርፌ፣ ከላይ ወግተሽ ከሥር አውጪ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አጠገቡ ወደ ላይ መልሺ። ጫፎቹን መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ፣ ከዚያ ግራውን በቀኙ ላይ አድርገሽ አጥብቀሽ ቋጪ፣ 2 ሴንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪ። ሁለት ጊዜ በአንድ ወገን ከቋጨሽው እየተንሸራተተ ይፈታል። በየካሬው ማዕዘንና በየመሐሉ ሲታሰር ለአንዱ 50 ቋጠሮ ይሆናል። ለአንድ ቋጠሮ 20 ሴንቲ ሜትር አስቢ፣ በጠቅላላው 10 ሜትር። ኪሱ ላይ ስትደርሺ ከኪሱ ጎን እሰሪ እንጂ ኪሱን አትዝጊው፤ ደብዳቤ ወይም ፎቶ የሚያስቀምጡበት ብዙ ናቸው።

ትርፉን ገበርና ብርድ ልብስ ከካሬው ጠርዝ እኩል ቁረጪ። ለጠርዙ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ተቀጣጥሎ 5 ሜትር ይሁን። ለሁለት እጠፊው፣ ክፍት ጠርዙን ከፊት በኩል ከአልጋ ልብሱ ጠርዝ ጋር አገናኝተሽ በ1 ሴንቲ ሜትር ስፊ፣ ወደ ኋላ ገልብጠሽ በእጅ ዘምዝሚው። መጀመሪያ ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች ጨርሺ፣ ቀጥሎ አጫጭሮቹን ጫፋቸውን ወደ ውስጥ አጥፈሽ።

ጊዜ ካጠረሽ ሰፊ ቤት የሚሰጠው የማሽን ስፌቱ ብቻ ነው። ያልተቆረጠ ልብስ አትስጪ። ቁጥር የያዙትን ካሬዎች በረድፍ በረድፍ አስረሽ፣ ፎቶውን አሳይተሽ ስጪ። «በኦቨርሎክ አትቁረጥብኝ፣ ቁርጥራጩንም አትጣልብኝ» ብለሽ ቀድመሽ ተናገሪ። የኦቨርሎክ ቢላ ጠርዙን እየበላ ስለሚሰፋ ልክሽ ሁሉ ይፈርሳል፤ ለሰፊው ደግሞ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ ነው። ዋጋውንም በረድፍ ሳይሆን በጠቅላላ ተዋዋዪ።

እጥበቱ በዓመት አንዴ ቢሆን ይበቃዋል፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ሳይጠመዘዝ። ርጥብ ሆኖ በአንድ ገመድ ላይ ከተሰቀለ ክብደቱ ቋጠሮዎቹን ይጎትታልና በሁለት ገመድ ላይ ጥላ ውስጥ አጋድሚው። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ውስጥ አታጥቢው፤ ሳይደርቅ ሰንብቶ ይሻግታል፣ የግድ ከሆነም ኮምቦልቻ ላኪው። ስታስቀምጪ በፌስታል ሳይሆን በአንሶላ ጠቅልዪ፣ እጥፋቱንም አልፎ አልፎ ቀይሪ፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር የታጠፈ ጨርቅ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያው ላይ ነው።